ሰማንያ መቅደድ ፍቺ አይደለም፦ ለመፋታት የወሰነ ሰው ደረጃ በደረጃ ምን ያድርግ?

ባልና ሚስት ተጣሉ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ አልሆነም። ሰማንያው ሽማግሌ ፊት ተቀደደ፣ ሁለቱም ዕቃቸውን ሸክፈው በየፊናቸው ሄዱ። ብዙ ሰው በዚህ ተፋትቻለሁ ብሎ ያምናል። በሕግ ዓይን ግን አልተፋታም። ጋብቻ ፈርሷል ወይስ አልፈረሰም የሚለውን መወሰን የሚችለው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 117 ይህንን በግልጽ አስቀምጦታል። በቤተ ክርስቲያን ወይም በሽማግሌ የተደረገ መለያየት ለኅሊናና ለማኅበራዊ ኑሮ ትርጉም ቢኖረውም፣ ውልና ማስረጃ ወይም ባንክ ስትሄዱ አሁንም ባለትዳር ናችሁ። በዚህ መሃል ሌላ ሰው ካገባችሁ በወንጀል ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ቤት ወይም መኪና ከገዛችሁም የጋራ ነው የሚል ጥያቄ ሊነሳበት ይችላል።

ተለያይተው ረጅም ዓመት የኖሩና የየራሳቸውን ሕይወት የመሠረቱ ሰዎች ጋብቻቸው እንደፈረሰ የተቆጠረበት የሰበር ችሎት፣ ማለትም የመጨረሻው የፍርድ ቤት እርከን፣ ውሳኔ አለ፣ እውነት ነው። እሱ ግን ከብዙ ክርክር በኋላ፣ በማስረጃ የተገኘ ነው። በዚያ ተስፋ አድርጎ ዝም ማለት አያዋጣም።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር። እዚህ የምጽፈው በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ላይ ተመሥርቼ ነው። እሱ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎችም ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ በዋና ዋናው ነገር ይመሳሰላሉ፣ በዝርዝሩ ግን ይለያያሉ። ስለዚህ ክልል ያላችሁ ሰዎች የክልላችሁን አዋጅ ይዛችሁ አመሳክሩ። ሙስሊም የሆኑ ባልና ሚስት ደግሞ ሁለቱም ከተስማሙ ጉዳያቸውን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማስጨረስ ይችላሉ። አንደኛው ወገን ካልተስማማ ግን ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው፤ ማንም ማንንም ማስገደድ አይችልም።

ልታውቁት የሚገባው ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ፍቺው ራሱ ቀላል ነው። በአሁኑ ሕግ አንዱ ወገን በቃኝ ካለ ፍርድ ቤት በግድ አብራችሁ ኑሩ አይልም። ከባዱ ልጅ፣ ቤት፣ ዕዳና ቀለብ ነው። ጉልበታችሁን፣ ገንዘባችሁንና ማስረጃችሁን እዚያ ላይ አውሉት። "እሱ እንዲህ አደረገኝ፣ እሷ እንዲህ አለችኝ" እያላችሁ በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ አትፍጁ።

ደረጃ 1፦ ከማንም በፊት ወረቀት

ልፋታ ነው ብላችሁ ከመናገራችሁ በፊት ሰነድ ሰብስቡ። ክፉ ለመሥራት አይደለም። ጠብ ከተነሳ በኋላ መሳቢያ ውስጥ የነበረ ካርታ ይጠፋል፣ የመኪና ሊብሬ "ጓደኛዬ ጋ ነው" ይባላል። ስለዚህ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን፣ የልጆችን የልደት ካርድ፣ የቤት ካርታ፣ የኮንዶሚኒየም ውልና የክፍያ ደረሰኝ፣ ሊብሬ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የአክሲዮን ሰርተፊኬት፣ የባንክ መግለጫ፣ የብድር ውል፣ የሁለታችሁንም የደመወዝ ማስረጃ ኮፒ አድርጋችሁ ከቤት ውጭ ከምታምኑት ሰው ጋ አስቀምጡ። በስልክ ፎቶ ማንሳትም አንድ ነገር ነው። ዋናውን ይዛችሁ አትጥፉ፤ ኮፒው ካለ ፍርድ ቤቱ ዋናውን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲቀርብ ማዘዝ ይችላል።

የጋብቻ ወረቀት የለንም የምትሉ አትደንግጡ። በባህል ወይም በሃይማኖት ተጋብታችሁ ሰርተፊኬት ባታወጡም፣ እንደ ባልና ሚስት አብራችሁ መኖራችሁንና ቤተሰብና ጎረቤት እንደዚያ እንደሚያውቃችሁ በምስክር ማስረዳት ይቻላል። የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ፣ የዕድር መዝገብ፣ የልጅ ክርስትና ወረቀት ሁሉ ይረዳል።

ጨርሶ ሳትጋቡ አብራችሁ የኖራችሁም ብትሆኑ ሕጉ አልረሳችሁም። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ 3 ዓመት አብረው ከኖሩ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ ይሆናል። 3 ዓመት ካልሞላ ግን በዚህ ድንጋጌ መከራከር ይከብዳል።

ደረጃ 2፦ በስምምነት ወይስ በአንድ ወገን?

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው የስምምነት ፍቺ ነው። ተነጋግራችሁ፣ ልጅ ከማን ጋር እንደሚሆን፣ ቀለቡ ስንት እንደሆነ፣ ንብረቱ እንዴት እንደሚከፈል በጽሑፍ አስፍራችሁ ሁለታችሁም ፈርማችሁ ለፍርድ ቤት ታቀርባላችሁ። ፍርድ ቤቱ በነጻ ፈቃዳችሁ መሆኑን ያረጋግጥና ስምምነቱን ያጸድቃል። ስምምነቱ የልጆቹን ወይም የአንዳችሁን ጥቅም የሚጎዳ መስሎ ከታየው ፍቺውን ብቻ አጽድቆ የቀረውን ሊያስተካክለው ይችላል።

ሁለተኛው አንደኛው ወገን ብቻውን የሚያቀርበው የፍቺ ማመልከቻ ነው። የሌላኛው ፈቃድ አያስፈልግም። "እሱ ካልፈረመ መፋታት አትችዪም" የሚባለው ውሸት ነው፣ ስንቷን ሴት ዓመታት አስሯል።

ከቻላችሁ የመጀመሪያውን ምረጡ። ጊዜም ገንዘብም ይተርፋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጆቹ ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ አያድጉም። ግን ለመገላገል ብላችሁ ብቻ አትፈርሙ። "ቤቱን ተይልኝና ልጆቹን ውሰጂ" የሚል ድርድር በየቀኑ ይሰማል። ልጅ የመደራደሪያ ዕቃ አይደለም፣ የቤቱ ግማሽም በሕግ የእናንተ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ገና በትዳር ላይ እያላችሁ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ "ቤቱ ያንተ፣ መኪናው የእኔ" ብላችሁ የምትፈራረሙት ወረቀት ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም። አንቀጽ 73 ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመናቸው እርስ በርስ የሚያደርጉት ውል በፍርድ ቤት ካልጸደቀ አይጸናም ይላል። ሦስት ሽማግሌ በምስክርነት ቢፈርምበትም ያው ነው።

ደረጃ 3፦ ማመልከቻውን ማቅረብ

አዲስ አበባ ከሆናችሁ የሚመለከታችሁ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ነው። ማመልከቻው ረጅም መሆን የለበትም። መቼ እንደተጋባችሁ፣ ስንት ልጅ እንዳላችሁና ዕድሜያቸው፣ አብሮ መኖር እንዳልተቻለ፣ ከዚያም የምትጠይቁት ዳኝነት ይበቃል። የመጨረሻው ክፍል እንዲህ ሊመስል ይችላል፤ ተጠሪ የተባለው የትዳር ጓደኛችሁ ነው፦

"ስለዚህ ጋብቻችን በፍቺ እንዲፈርስልኝ፣ ሁለቱ ልጆቻችን ከእኔ ጋር እንዲሆኑ፣ ተጠሪ ለልጆቹ ቀለብ እንዲቆርጥ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ በተጠሪ ስም የተመዘገበው ቤት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ የእግድ ትእዛዝ እንዲሰጥልኝ፣ ንብረት የመካፈል መብቴ እንዲጠበቅልኝ አመለክታለሁ።"

ሰነድ አባሪ ታደርጋላችሁ፣ የምስክሮች ስም ዝርዝር ታያይዛላችሁ፣ ቃለ መሃላ ትፈርማላችሁ። ሬጅስትራር ተመልክቶ መዝገብ ይከፍትላችኋል፣ መጥሪያ ይወጣል። የመዝገብ ቁጥራችሁን ስልካችሁ ላይ ጻፉት፤ ከዚያ በኋላ ያለ እሱ የሚሆን ነገር የለም።

የፍቺ ምክንያት ማስረዳት ግዴታ ነወይ? በድሮው፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥፋተኛ መፈለግ ትልቅ ነገር ነበር፣ ንብረት እስከማጣት ያደርስ ነበር። አሁን ንብረት የሚከፈለው እኩል ነው፤ ጥፋት የንብረት ድርሻን አይቀንስም። ሆኖም ለፍቺው ምክንያት የሆነው ወገን በሌላው ላይ ጉዳት አድርሶ ከሆነና ፍትሕ የሚጠይቅ ከሆነ ፍርድ ቤት ካሳ ሊያስከፍለው ይችላል፤ አንቀጽ 84 ነው። እሱን የምትጠይቁ ከሆነ ምክንያቱንም ማስረጃውንም አቅርቡ።

ሰውየው ወይም ሴትየዋ የት እንዳሉ ካልታወቀስ? ይህንን ለፍርድ ቤቱ ታስረዳላችሁ፤ መጥሪያው በጋዜጣ እንዲወጣ ሊታዘዝ ይችላል፣ ብዙ ጊዜ በአዲስ ዘመን። በተባለው ቀን ካልቀረቡ ጉዳዩ በሌሉበት ይታያል። የትዳር ጓደኛ መጥፋት እናንተን ዕድሜ ልክ አያስርም።

ጠበቃ ግዴታ አይደለም። ለፍቺው ብቻ ከሆነ ብዙ ሰው ራሱ ይጨርሰዋል። የንብረት ክርክር ካለ ግን፣ በተለይ ቤት ካለ፣ ጠበቃ ያዙ፤ ክፍያውን በጽሑፍ ተዋዋሉ። የንብረት ክርክር ላይ የዳኝነት ክፍያው በንብረቱ ግምት ልክ ስለሚያድግ፣ መክፈል የማይችል ሰው በድሃ ደንብ፣ ማለትም ሳይከፍል፣ ለመክሰስ መጠየቅ ይችላል። ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡም አሉ፦ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች የነጻ የሕግ አገልግሎት ማዕከላት።

ደረጃ 4፦ ጊዜያዊ ትእዛዝ ወዲያውኑ ጠይቁ

ይህን ደረጃ ሰው ይዘለዋል፣ ኋላም ይጎዳበታል። ፍርድ ቤቱ ማመልከቻው እንደቀረበለት ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ስለ ባልና ሚስቱ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ ጥበቃና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱ አስተዳደር ትእዛዝ መስጠት አለበት። አንቀጽ 82 ላይ አለ። አመልክቱና አስወስኑ፤ ዝም ካላችሁ ዝም ይባላል።

የንብረት እግዱም እዚህ ጋ ነው የሚጠየቀው። ቤት ከሆነ እግዱ ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ፣ መኪና ከሆነ ለመንገድ ትራንስፖርት፣ ገንዘብ ከሆነ ለባንኩ ይጻፋል። ደብዳቤው ከችሎት ስለወጣ ብቻ ደረሰ ማለት አይደለም። ራሳችሁ ተከታተሉት፣ መሥሪያ ቤቱ ማኅተም ያደረገበትን ኮፒ ያዙ። በሁለት ቀን መዘግየት መኪና ስም የዞረበት ሰው አለ።

ሸጦት ከቆየስ? የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለማከራየት ወይም በመያዣ ለማስያዝ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የሚንቀሳቀስ ንብረትም ያው ነው፤ የ1992 ቁጥር ስለሆነ ዛሬ ሁሉንም ነገር ይነካል ማለት ነው። ያለ ፈቃዳችሁ ከተሸጠ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ግን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ፣ ምንም ቢሆን ደግሞ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ሳያልፍ። ስለዚህ ሰማችሁ ማለት ተነሡ ማለት ነው።

ድብደባ ወይም ማስፈራራት ካለ ይህ ሁሉ ይቆይ። መጀመሪያ ከቤት ውጡ፣ አቅራቢያችሁ ያለ ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕጻናት ክፍል ሄዳችሁ አመልክቱ፣ ሐኪም ቤት ታዩና የሕክምና ማስረጃ ያዙ። አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ለተጠቁ ሴቶችና ሕጻናት ሕክምናውንም የሕግ ድጋፉንም በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። የትዳር ጓደኛን መደብደብ ወንጀል ነው፤ የወንጀሉ መዝገብ ከፍቺው መዝገብ የተለየ ነው፣ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። "ቤት ጥላ ሄደች" ተብሎ የንብረት ድርሻችሁ አይቀርም። በሕይወት ውጡ እንጂ።

ደረጃ 5፦ ሽማግሌና የማሰላሰያ ጊዜ

ዳኛው ሁለታችሁንም ለየብቻ ወይም አንድ ላይ ያነጋግራችኋል፤ ለመታረቅ የሚሆን ነገር ካለ ለማየት ነው። ራሳችሁ በመረጣችኋቸው ሽማግሌዎች እንድትታዩ ሊልካችሁ ይችላል። ይህ ካልሆነ ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ሽማግሌዎቹ ሥራቸው ማስታረቅ ነው፣ መፋታት አትችሉም ብለው መወሰን አይችሉም፣ ንብረት ማካፈልም ፍርድ ቤቱ ካልመራላቸው ሥልጣናቸው አይደለም።

ስትመርጡ የአንድ ወገን አጎት ብቻ የተሰበሰበበት ሽምግልና እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ልታናግሩት የማትችሉት ትልቅ ሰው ፊት ተቀምጣችሁ "እሺ አባባ" ብላችሁ የማትፈልጉትን ተቀብላችሁ እንዳትወጡ።

ዕርቅ ካልተገኘ ፍርድ ቤቱ የሽማግሌዎቹ ሪፖርት ከደረሰው ወይም የማሰላሰያው ጊዜ ካለቀ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ የፍቺውን ውሳኔ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል። በቀጠሮ ብዛት ሲዘገይ ይታያል፣ ቢሆንም ሕጉን ጠቅሶ ማስታወስ ነውር የለውም።

ደረጃ 6፦ ልጆቹ ከማን ጋር?

"ልጅ የእናት ነው"፣ "ወንድ ልጅ የአባት ነው" የሚል ሕግ የለም። በድሮው ሕግ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከባድ ምክንያት ካልኖረ ለእናት ይሰጥ ነበር፤ አሁን ያ ቁርጥ ያለ ደንብ የለም። ፍርድ ቤቱ የሚያየው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የኑሮ ሁኔታ፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም ነው። በተግባር ጡት የሚጠባ ወይም ትንሽ ልጅ ከእናቱ ጋር የሚሆንበት ጊዜ ይበዛል፣ ግን አባት አይሰጠውም ማለት አይደለም።

ስለዚህ ልጁን ትምህርት ቤት ማን እንደሚያደርስ፣ ሲያመው ማን እንደሚያሳክመው፣ ወላጅ ስብሰባ ማን እንደሚሄድ የሚያሳይ ነገር አቅርቡ። ሌላው ወላጅ መጥፎ መሆኑን ለማሳየት ከምትደክሙ ይህ ይበልጣል። ልጁን ለምስክርነት አታሠልጥኑት፣ እባካችሁ።

ልጁን ያልወሰደው ወላጅ የመጎብኘት መብት አለው። እዚህ ላይ ጠብ የሚነሳው ውሳኔው ደብዘዝ ሲል ነው። "አባት ልጆቹን በተመቸው ጊዜ ይጎበኛል" ተብሎ የተጻፈ ስምምነት በወሩ ያጣላል። እንዲህ ይጻፍ፦ "በየሳምንቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ እሁድ ከቀኑ 11 ሰዓት ከአባታቸው ጋር ይሆናሉ፤ አባት ከእናት ቤት ወስዶ ይመልሳል፤ የፋሲካና የገና በዓላት በየዓመቱ እየተቀያየሩ ይሆናሉ፤ ክረምት ላይ አንድ ወር ከአባት ጋር ያሳልፋሉ።" ልጁን ይዞ ከአገር መውጣት ቢመጣ ማን ይፈቅዳል የሚለውንም አሁኑኑ አስገቡበት።

ቀለብ ስንት ነው? ሕጉ ከደመወዝ ይህን ያህል ፐርሰንት የሚል ቀመር የለውም። የሚመዘነው የልጁ ፍላጎትና የከፋዩ አቅም ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ፣ የትራንስፖርት፣ የሕክምና፣ የቤት ኪራይ፣ የምግብ ወጪ በዝርዝር ይዛችሁ ቅረቡ። "ይበቃኛል ያልኩትን ይስጠኝ" ከማለት ዝርዝር ይሻላል። ከፋዩ ደመወዝተኛ ከሆነ ከመሥሪያ ቤቱ በቀጥታ እየተቆረጠ ወደ ሒሳባችሁ እንዲገባ አስወስኑ። ነጋዴ ሆኖ ገቢ የለኝም ካለ የንግድ ፈቃዱን፣ የታክስ መረጃውን፣ የባንክ እንቅስቃሴውን ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብላችሁ ጠይቁ።

ቀለብ ከቆመ ዝም አትበሉ። ሳይጠየቅ ከ3 ወር በላይ የተጠራቀመ ቀለብ ሊቀር ይችላል። ወዲያውኑ የአፈጻጸም መዝገብ፣ ማለትም ውሳኔው በግድ እንዲፈጸም የሚጠየቅበትን፣ ክፈቱ። ኑሮ ሲወደድ ወይም የከፋዩ ገቢ ሲለወጥ ቀለቡም፣ የልጅ አያያዙም እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል፤ የመጀመሪያው ውሳኔ ለዘላለም አይደለም።

ለራሴስ ቀለብ አገኛለሁ? በክርክሩ ጊዜ አዎ፣ በጊዜያዊ ትእዛዝ። ከተፋታችሁ በኋላ ግን ሕጋችን ለቀድሞ ሚስት ወይም ባል በየወሩ የሚከፈል መተዳደሪያ የሚል ነገር አላስቀመጠም። ሥራ ሳትይዝ ልጅ እያሳደገች 15 ዓመት ለኖረች ሴት ይህ ከባድ ነው፣ ሕጉ መሻሻል ያለበት ይመስለኛል። ስለዚህ ዋስትናዋ የንብረት ድርሻዋ ነው፤ ለዚያም ነው በንብረት ላይ አትለሳለሱ የምለው።

ደረጃ 7፦ ንብረት

መነሻው አንቀጽ 63 ነው። በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት ሁሉ፣ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የማስረዳቱ ሸክም "የግሌ ነው" በሚለው ሰው ላይ ነው። የጋራው እኩል ይከፈላል። ማን ብዙ አመጣ፣ ማን ቤት ዋለ አይባልም።

የግል የሚባለው ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም በትዳር ላይ እያሉ በውርስ ወይም ለአንደኛው ብቻ በስጦታ የተገኘ ነው። ከቤተሰቧ ለእሷ የተሰጠ ወርቅ የእሷ ነው። ግን ሰው የማያውቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ የግል ንብረት የሚያፈራው ገቢ የጋራ ነው። ከአባታችሁ የወረሳችሁት ቤት የእናንተ ነው፣ በትዳር ዘመን የተሰበሰበው ኪራይ ግን የሁለታችሁ ነው። ሁለተኛው፣ ከጋብቻ በፊት የነበረችን መኪና ሸጣችሁ በትዳር ላይ ሌላ ብትገዙ፣ አዲሷ የግል የምትሆነው ፍርድ ቤት በማመልከቻ የግል ነች ብሎ ከወሰነ ነው። ይህን ያደረገ ሰው በጣም ጥቂት ነው።

የኮንዶሚኒየም ክርክር ደግሞ ማለቂያ የለውም። ከጋብቻ በፊት ተመዝግቦ በትዳር ውስጥ ዕጣ የወጣለት፣ ቅድሚያ ክፍያውን እሷ ከፍላ ወርሃዊውን ሁለቱ የከፈሉት፣ ዓይነቱ ብዙ ነው። ወሳኙ ውሉ መቼ ተፈረመ፣ ገንዘቡስ ከየት ወጣ የሚለው ነው። ደረሰኞቹን በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጡ። የቀበሌ ቤት ባለቤቱ መንግሥት ስለሆነ ቤቱ እንደ ንብረት አይከፈልም፤ ክርክሩ ማን ይኖርበታል የሚለው ላይ ነው። ገጠር መሬት ከሆነ የይዞታ ደብተሩ በሁለታችሁም ስም መሆኑን እዩ፣ ጉዳዩ በክልሉ የመሬት ሕግም ይታያል።

አሁን ወደሚያንገበግበው ልምጣ። እህቶቻችን ጂዳ፣ ቤሩት፣ ዱባይ ሄደው ሰው ቤት ይሠራሉ። ብሩን በየወሩ ይልካሉ፣ ባል ቤት ይሠራል። ሲመለሱ ቤቱ በባል እናት ወይም በወንድም ስም ነው። በመርህ ደረጃ በትዳር ላይ በጉልበታችሁ ያገኛችሁት ገቢ የጋራ ነው፣ የተገዛበትም የጋራ ነው። ካርታው በሦስተኛ ሰው ስም ሲሆን ግን ነገሩ ይጠጥራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የባለቤትነት ካርታ የያዘውን ሰው ባለቤት ነው ብሎ ይገምታል፤ ያንን ግምት ማፍረስ የእናንተ ሥራ ይሆናል። እናትየው ወይም ወንድሙም በክርክሩ ውስጥ እንዲገቡ ማድረግ ግድ ነው። በምን ታስረዳላችሁ? በባንክና በዌስተርን ዩኒየን የተላከበት ደረሰኝ፣ "ጣሪያ ደርሷል፣ ለቆርቆሮ ላኪ" የሚል የድምፅና የጽሑፍ መልእክት፣ ቤቱን የሠሩት አናጢና ግንበኛ፣ አሸዋና ሲሚንቶ ያቀረበው ሰው፣ ሲሠራ ያዩ ጎረቤቶች። ስልክ ስትቀይሩ እነዚያን መልእክቶች አታጥፉ። በሐዋላ ያለ ደረሰኝ የተላከ ብር ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው። አሁን ውጭ ያላችሁና ሰላም የሆናችሁም ብትሆኑ በባንክ ላኩ፣ በራሳችሁም ስም ሒሳብ ይኑራችሁ፣ ካርታው ሲወጣ በሁለታችሁ ስም ይሁን።

ቤቱ የጋራ መሆኑ ከተወሰነ በኋላ አከፋፈሉ እንዲህ ነው። በዓይነት መከፈል ከቻለ በዓይነት። ካልሆነ አንዱ ቤቱን ወስዶ ለሌላው ግማሹን ይከፍላል፣ ዋጋው በባለሙያ ይገመታል። ካልተስማሙ ጨረታ ይወጣና ብሩ ይካፈላል። ጨረታ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ይጎዳል፣ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ተነጋገሩ።

ዕዳስ? ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ዕዳ የጋራ ነው። የቤት ብድር፣ የልጆች ትምህርት፣ ሕክምና እዚህ ይገባል። በክርክር መሃል "ከአጎቴ 800 ሺህ ብር ተበድሬ ነበር" የሚል ወረቀት ብቅ ካለ ገንዘቡ መቼ፣ በየት በኩል እንደተሰጠና ምን ላይ እንደዋለ እንዲያስረዳ አጥብቃችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ አንዳችሁ ውጭ አገር ከሆናችሁ

ውጭ ያለ ሰው አዲስ አበባ ሳይመጣ በውክልና ማስጨረስ ይችላል። ውክልናው ላይ ፍቺ መጠየቅ፣ መስማማት፣ ንብረት መካፈል የሚሉት በግልጽ ይጻፉ፤ ጠቅላላ ውክልና ብቻ ይዞ መሄድ ያስመልሳል። በኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይረጋገጣል፣ አገር ቤት ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ በፍርድ ቤት የተፋታችሁ ሰዎች፣ ያ ውሳኔ በራሱ እዚህ አይፈጸምም። የውጭ ፍርድ እዚህ እንዲፈጸም የሚቀርበው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ተረጋግጦና ተተርጉሞ መቅረብ አለበት። አገር ቤት ያለው ቤት ግን ብዙ ጊዜ እዚሁ ክርክር ይፈልጋል፤ የዋሽንግተኑ ዳኛ የቦሌውን ካርታ አያዞርም።

ደረጃ 9፦ ከውሳኔው በኋላ

በውሳኔው ቅር ከተሰኛችሁ ይግባኝ 60 ቀን ነው፣ ቀኑ ከውሳኔው ይቆጠራል። የውሳኔ ግልባጩን በዚያው ሳምንት ጠይቁ።

ፍቺውን ወሳኝ ኩነት አስመዝግቡ፤ ከውሳኔው በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ነው። የፍቺ ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ያላገባ ማስረጃ ሲፈልግ፣ ቤት ሲሸጥ፣ ቪዛ ሲጠይቅ ይቸገራል። መታወቂያችሁ ላይ ያለውን የጋብቻ ሁኔታ አስቀይሩ፣ የሰጣችሁትን ውክልና አንሡ፣ የባንክ ሒሳብ ወራሽና የኢንሹራንስ ተጠቃሚ አድርጋችሁ ከሆነ ለውጡ።

እንደገና ማግባት የምትፈልግ ሴት ጋብቻው ከፈረሰ 180 ቀን መቆየት አለባት። የሚወለድ ልጅ አባት እንዳይምታታ ተብሎ ነው። ከወለደች፣ አለማርገዟ በሐኪም ከተረጋገጠ፣ ወይም የቀድሞ ባሏን መልሳ የምታገባ ከሆነ መጠበቅ አያስፈልጋትም።

የውሳኔውን ትክክለኛ ግልባጭ ማኅተም አስደርጋችሁ ከሦስት ያላነሰ ውሰዱ። አንዱ ወሳኝ ኩነት ይቀራል፣ አንዱ አፈጻጸም መዝገብ ላይ ይያያዛል፣ አንዱ እናንተ ጋ ይቀመጥ።